በአመት ሶስት ጎሚኒ የበላው የፊት ሾክ፦ ግቢ ውስጥ የተፈታ የአንድ ሞተር ሳይክል ጉዳይ

መነሻው

ይሄ ጉዳይ የ2011 ዓ.ም ነው። ያኔ ደብተር ላይ የጫርኩትን ሰሞኑን እቃ ሳገላብጥ አገኘሁትና ልጻፈው አልኩ፣ ምክንያቱም "ሾኬ ዘይት ያፈሳል፣ ጎሚኒ ቀየርኩ፣ አሁንም ያፈሳል" የሚል ሰው በየጊዜው ይደውልልኛል (ጎሚኒ ማለት ሾኩ ውስጥ ዘይቱን የሚያግደው የላስቲክ ቀለበት ነው)፣ እኔም ያንኑ ታሪክ በስልክ ስደግም ሰለቸኝ። የሰው ስም፣ የጋራዥ ስም፣ የሞተሩንም ስም ትቼዋለሁ። እኔ ሜካኒክ አይደለሁም፣ እንጀራዬ ሌላ ነው፣ ሞተር መፍታት ግን ከልጅነቴ የያዘኝ አመል ነው።

ባለሞተሩ የእንስሳት ሀኪም ነው፣ ደብረ ብርሃን የሚኖር፣ እኛ ዶክ ነው የምንለው። ስራው በሳምንት አራት አምስት ቀን ገጠር ያስወጣዋል፣ ክትባት፣ የታመመ በሬ፣ መውለድ ያቃታት ላም ምናምን። ሞተሩ ጃፓን ሰራሽ 125 ሲሲ፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ከአንድ ድርጅት በጨረታ የገዛው ነው። ሲገዛው የኪሎሜትር መቁጠሪያው ቆሞ ስለነበር ስንት እንደሄደ እግዜር ይወቀው። የሚነዳበት መንገድ ከአንኮበር መስመር ወደ ቀበሌዎቹ የሚገነጠለው ኮረት ነው፣ በክረምት ደግሞ ጥቁር ጭቃ።

ምን ነበር የሚያስቸግረው

ከ2010 ክረምት ጀምሮ የቀኙ የፊት ሾክ ዘይት ያለቅሳል። ዶክ ሶስት ጊዜ ጋራዥ ወስዶት ሶስት ጊዜ ጎሚኒ ተቀይሮለታል፣ ሶስቱም ጊዜ ሁለት ሶስት ሳምንት ደረቅ ይሆንና ከዛ ይመለሳል። ሶስተኛው ላይ ሜካኒኩ "ወፍራም ዘይት ላድርግልህና አያፈስም" ብሎ 40 ቁጥር የሞተር ዘይት ሞላበት። ከዛ በኋላ ነገሩ የባሰ ሆነ። ደብረ ብርሃንን የሚያውቅ ያውቃል፣ ከ2700 ሜትር በላይ ናት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት መሬቱ አመዳይ ለብሶ ነው የሚያድረው። ጠዋት አንድ ሰአት ላይ ሲነሳ የፊቱ ሾክ እንደ እንጨት ግትር ይላል፣ ድንጋዩ ሁሉ ክንዱ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ረፋድ ላይ ዘይቱ ሲሞቅ ደግሞ ይለሰልሳል። ዶክ "ሁለት ሞተር ነው ያለኝ፣ የጠዋትና የከሰአት" ይል ነበር።

ወደኔ ያመጣው ግን በዛ አይደለም። አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ የፊት ፍሬን ሲይዝ አልያዘለትም። የሚያፈሰው የሾኩ እግር የፍሬኑ ዲስክ ያለበት ነው፣ ዘይቱ በእግሩ ወርዶ የፍሬን ሸራው ላይ ደርሷል። ይሄን ሳይ ነው "ተወው ጋራዡን፣ እኔ ጋ አምጣው" ያልኩት። ዘይት የሚያፈስ ሾክ ልብስ ቢያበላሽ ችግር የለውም፣ ፍሬን ላይ ከደረሰ ግን ሌላ ነገር ነው።

አንድ ነገር ነግሮኝ ነበር፣ ያኔ በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ። "ከተማ ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ ብነዳው ጠብታ የለውም፣ ገጠር ደርሼ ስመለስ ነው የማገኘው" አለኝ። እኔ ደግሞ ገጠር አቧራ ስላለ ነው ብዬ አለፍኩት። መልሱ እዛች አረፍተ ነገር ውስጥ ነበር።

ሾኩ ምን እንደሆነ ባጭሩ

እያንዳንዱ እግር ከላይ ክሮም የተቀባ የብረት ቱቦ አለው፣ ከታች ቱቦው የሚገባበት የአሉሚኒየም እግር፣ ውስጡ ሞላና ዘይት። ቱቦው ወደ እግሩ ሲገባና ሲወጣ ዘይቱ ዳምፐር ከሚባለው ዘንግ ላይ ባሉ ትናንሽ ቀዳዳዎች እየተጨነቀ ያልፋል፣ ሞላውን እንዳይዘል የሚይዘው እሱ ነው። ዳምፐሩ ከእግሩ ስር በአለንኪ ብሎን ታስሯል። ዘይቱን የሚያግደው አሉሚኒየሙ አፍ ላይ የተቀመጠው ጎሚኒ ነው፣ በላዩ የአቧራ ጎሚኒ። የዶክ ሞተር ላይ ከዚህ ሁሉ በላይ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ የላስቲክ ሽፋን ክሮሙን ይሸፍነዋል። ይሄን ሽፋን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያው ሙከራ፦ ሳይፈቱ ማጽዳት

ስንፍናዬ መጀመሪያ ወደ አቋራጩ ወሰደኝ። አንዳንዴ ጎሚኒው ደህና ሆኖ ከንፈሩ፣ ማለትም ቱቦውን የሚነካው ጠርዙ ስር አሸዋ ገብቶ ብቻ ነው የሚያፈሰው፣ ለዛ ቀጭን ፊልም በጎሚኒውና በቱቦው መሀል አስገብቶ ዙሪያውን በመጥረግ ቆሻሻውን ማውጣት ይቻላል። ዶክ አሮጌ የኤክስሬይ ፊልም አመጣ፣ በመቀስ ጫፉን መንጠቆ አስመስለን ቆርጠን ጠረግነው። ጥቁር ቆሻሻ ወጣ፣ ደስ አለን፣ ሁለት ቀን ሰራ፣ በሶስተኛው ቀን ተመለሰ። ዘዴው መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ሌላ ሞተር ላይ ሰርቶልኛል፣ ግን አሸዋ ለሆነ ችግር ነው የሚሰራው።

ሁለተኛው ሙከራ፦ ሙሉ ፈታነው

ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ውስጥ ሞተሩን ከሆዱ ስር በለስላሳ መጠጥ ሳጥንና በሳንቃ ደግፈን የፊት ጎማውን አነሳነው። ፔርኖውን (የጎማውን ዘንግ) አወጣን፣ የፍሬኑን ካሊፐር (ዲስኩን የሚይዘውን) ፈትተን የፍሬኑ ቱቦ እንዳይጎተት በሽቦ ሰቀልነው፣ መከላከያውን አወረድን። ከዛ የመጀመሪያውን ስህተት ሰራን። የላይኛውን ክዳን ሳናላላ እግሮቹን ከመያዣው መዘዝናቸው። ክዳኑ ጠንክሮ ነበር፣ ቱቦውን ሞርሳ ውስጥ ማሰር ደግሞ ክሮሙን መጨፍለቅ ነው፣ ስለዚህ መልሰን መያዣው ውስጥ ከተን የታችኛውን ብሎን አጥብቀን፣ የላይኛውን አላልተን፣ ክዳኑን አንድ ሩብ ዙር ፈታ አድርገን እንደገና አወጣነው። አርባ ደቂቃ በከንቱ። ክዳኑ ሲፈታ ሞላው ተጨንቆ ስለሚቀመጥ ፊትን ከላዩ አርቆ፣ በእጅ መዳፍ ጫን እያሉ ነው።

ዘይቱን በየእግሩ ለይተን ቀዳን። ከግራው 260 ሚሊ፣ ከቀኙ 95 ሚሊ ወጣ፣ ሁለቱም ቅባቱ የሞተር ዘይት፣ የቀኙ ደግሞ ከውሃ ጋር ተመቶ ቡና በወተት መስሏል። ውሃ! ዘይት የሚወጣበት መንገድ ካለ ውሃ የሚገባበትም አለ ማለት ነው። ይሄንንም አይተን አለፍነው።

የዳምፐሩ ብሎን እንደፈራሁት ሆነ፣ አለንኪውን ሳዞር ዳምፐሩ አብሮ ይዞራል። በአየር የሚመታ ቁልፍ ያለው ሰው ችግር የለበትም፣ እኛ የለንም። ሞላውን መልሰን ከትተን ክዳኑን አስረን ዶክ በሙሉ ክብደቱ እየተጫነው ሞከርን፣ የግራው በዚህ ተፈታ፣ የቀኙ እምቢ አለ። ለሱ የባህር ዛፍ እንጨት ጫፉን አራት ማእዘን አድርገን ጠርበን በቱቦው ውስጥ ወደታች ልከን የዳምፐሩ ራስ ላይ በመዶሻ ሰካነው፣ አንዱ እንጨቱን ይዞ አንዱ ብሎኑን ሲያዞር ተፈታ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ምንም ቢጠፋ ባህር ዛፍ አይጠፋም።

ይሄ ሾክ ለብቻው የሚቀየር ቡሽ የለውም፣ ቱቦው በቀጥታ አሉሚኒየሙ ላይ ነው የሚንሸራተተው፣ ስለዚህ ብሎኑ እንደተፈታ ቱቦው ወጣ። አሮጌውን ጎሚኒ በማንኪያ እጀታ፣ ስር ጨርቅ አድርገን አነሳነው። እሱን ሳየው አንዱ ሚስጥር ተፈታ፦ የሾክ ጎሚኒ አይደለም። ኩሽኔታ ሱቅ የሚሸጠው፣ የሚሽከረከር ዘንግ ላይ የሚገባው አይነት ነው፣ ልኩ 35 በ48 በ11 ስለሆነ ገብቷል። ልክ መግባቱና ስራው መስማማቱ ግን ይለያያል። የሚሽከረከር ዘንግ ጎሚኒ ዘንጉ አንድ ቦታ ሲዞር ነው የሚያግደው፣ ሾክ ደግሞ ወደላይ ወደታች ይመላለሳል፣ ጭቃም ግፊትም አለበት። አሁን ጥፋተኛውን አገኘን ብለን ተደሰትን።

አዲስ አበባ የሚመላለስ ዘመድ ትክክለኛውን የሾክ ጎሚኒ ጥንድ ከነአቧራ መከላከያው አመጣልን። ቱቦዎቹን በናፍጣ አጥበን አየናቸው፣ ማታ ነበር፣ በስልክ መብራት። መሀሉ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ነገር ነበረ፣ ጭቃ መስሎን በጨርቅ ጠረግነው። የጋራዡ ካቻቢቴ ጎሚኒው የሚቀመጥበትን አሉሚኒየም ጭሮት ስለነበር እሱን በ1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አደረግነው።

ከዳምፐሩ ብሎን ስር ያለው የመዳብ ራንዴላ አዲስ አላገኘንም። መዳብ አንዴ ተጨፍልቆ ሲጠነክር ድጋሚ አይዘጋም፣ ግን አግሎ ማለስለስ ይቻላል። እቤት ቡና እየተፈላ ስለነበር ራንዴላዎቹን ፍሙ ውስጥ ከትተን ደም ሲመስሉ በፒንሳ አውጥተን ውሃ ውስጥ ጣልናቸው፣ ባለቤቴ "ጀበናው ይውረድ ወይስ ብሎናችሁ ይቅደም?" ስትል። እነዛ ራንዴላዎች እስከመጨረሻው ጠብታ አላሳለፉም።

አገጣጠሙ ላይ የቱቦው ጫፍ ጎሚኒውን እንዳይቆርጠው ፌስታል አልብሰን ዘይት ቀብተን፣ የጎሚኒውን ሞላ ያለበትን ጎን ወደታች ወደ ዘይቱ አዙረን አንሸራተትነው። ማስገቢያ መሳሪያ የለንም፣ የውሃ ቧንቧ ፒቪሲ ቁራጭ ውጪውን በሞረድ ትንሽ ፋቅ አድርገን እሱን እንደ መዶሻ በቱቦው ላይ ወደታች እየመታን ጎሚኒውን ከላይ የምትይዘው የሽቦ ቀለበት መቀመጫ ቦይ ሙሉ እስኪታይ አስገባነው።

ዘይቱ፣ የሾክ 10 ቁጥር በከተማው አልነበረም። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት፣ ዴክስሮን የተጻፈበትን፣ ነው ያደረግነው። ውፍረቱ ከ10 ቁጥር የሾክ ዘይት ጋር ይቀራረባል፣ በብርድም ቶሎ አይረጋም። 40 ቁጥር የሞተር ዘይት በ40 ዲግሪ ሙቀት እንኳን ከሱ ከሶስት እጥፍ በላይ ወፍራም ነው፣ በደብረ ብርሃን ጠዋት ልዩነቱ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። የጠዋትና የከሰአት ሞተሩ እዚች ላይ አንድ ሆነ።

መጠኑን በሚሊ ብቻ አንለካም፣ ምክንያቱም ግድግዳ ላይ የሚቀር ዘይት አለ። ሞላው ወጥቶ፣ ቱቦው ሙሉ በሙሉ ወደታች ገብቶ፣ ከቱቦው አፍ እስከ ዘይቱ ፊት ያለው ክፍተት ነው የሚለካው። የዚህ ሞዴል ማኑዋል 150 ሚሊሜትር ነው የሚለው፣ የናንተ ሌላ ስለሚሆን ቁጥሩን አትቅዱ። ዶክ ትልቁን የከብት ሲሪንጅና የግሉኮስ ቱቦ አመጣ፣ የግሉኮሱ ቱቦ ላይ 150 ሚሊሜትሩ ጋ ፕላስተር ጠቀለልን፣ ትንሽ አብዝተን ሞልተን፣ ቱቦውን እስከ ፕላስተሩ አስገብተን ትርፉን መጠጥነው። አየር መሳብ እስኪጀምር ድረስ ስትስበው ልኩ ላይ ቆመ ማለት ነው። ሁለቱ እግሮች በዚህ እኩል ሆኑ። ክፍተቱ ውስጥ ያለው አየር ሾኩ ሲጫን እንደ ሁለተኛ ሞላ ነው የሚሰራው፣ ዘይት ሲበዛ አየሩ ያንሳል፣ ግፊቱ ይከብዳል፣ የሚገፋው ደግሞ ጎሚኒውን ነው። "ትንሽ ጨመር ላድርግልህ" ደግነት አይደለም።

የፍሬኑን ሸራ በቤንዚን አጥበን፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን ለማዳን ሞከርን፣ አልዳነም፣ ሲሞቅ ዘይቱ ከውስጡ ተመልሶ ይወጣል። አዲስ ገዛን፣ ዲስኩን ብቻ አጠብን።

በዘጠነኛው ቀን

ዶክ ደወለ። "አትናደድ እንጂ፣ መጣ" አለኝ።

በጣም ነው የተናደድኩት። ሁሉን በስርአቱ ሰርተን፣ ትክክለኛ ጎሚኒ፣ ትክክለኛ ዘይት፣ ልኩ በሲሪንጅ። ይዞት መጣ፣ ሽፋኑን ወደላይ ሰብስበን ዶክ የፈሰሰውን ዘይት በጥጥ መጥረግ ጀመረ፣ የእንስሳት ሀኪም ስለሆነ ጨርቅ ሳይሆን ጥጥ ነው እጁ ላይ ያለው። ጥጡ አንድ ቦታ ላይ ያዘ። የጥጡ ቃጫዎች ቀጭን ነጭ ክር ሆነው ክሮሙ ላይ ቀሩ። በጥፍሬ ስዳስሰው የጤፍ ፍሬ የምታክል ጉድጓድ፣ ጠርዟ የሾለ፣ ከጎኗ ሌሎች ሁለት ትናንሽ። ያ ጭቃ መስሎን የጠረግነው ቡናማ ነጠብጣብ ዝገት ነበር።

ከዛ ያ የዶክ ወሬ ትዝ አለኝ። ጎማውን ከመሬት አንስተን ለካን፣ ጉድጓዷ ከጎሚኒው በላይ 11 ሳንቲሜትር ላይ ናት። ሽፋኑን ትተን ቱቦው ላይ ክር አጥብቀን አሰርን፣ ሾኩ ሲገባ ጎሚኒው ክሩን ወደላይ ይገፋውና የደረሰበት ላይ ይተወዋል። ከተማ ውስጥ ነድቶ ሲመለስ ክሩ 8 ሳንቲም ላይ፣ ወደ ቀበሌ ደርሶ ሲመለስ 14 ላይ። በቃ፣ አስፋልት ላይ ጎሚኒው ጉድጓዷ ጋ አይደርስም፣ ኮረት ላይ በየጉድባው ይደርሳል፣ በደረሰ ቁጥር የሾለው ጠርዝ ከንፈሩን ይልጠዋል። ሶስቱን ጎሚኒ የበላችው እሷ ናት፣ አራተኛውንም የኛን። የተሳሳተው ጎሚኒ አባባሰው እንጂ መነሻው አልነበረም።

ዝገቱን ያመጣው ደግሞ ያ ሽፋን ነው። ከጭቃ ሊጠብቅ የተደረገ ነገር ነው፣ ግን የዶክ ሽፋን ታች ተቀዶ ስለነበር የክረምት ውሃና ጭቃ ገብቶ እዛው እየተኛ ወር ሙሉ ክሮሙን ሲበላ ከረመ፣ ሸፍኖትም ስለያዘ ማንም አላየውም። ሶስት ጊዜ ጎሚኒ የቀየሩት ሜካኒኮችም፣ እኛም፣ ዘይቱ የሚወጣበትን እንጂ የሚያስወጣውን አላየንም።

ሶስተኛው ሙከራ፦ ጉድጓዱን መድፈን

ትክክለኛው መፍትሄ ቱቦ መቀየር ነው። ቱቦ አልተገኘም፣ ዶክ ደግሞ ሞተሩ ስራው ነው። ስለዚህ ደፈንናት። ጉድጓዶቹን በመርፌ ጫፍ ዝገቱን ጫርን፣ የቆመውን ጠርዝ በደቃቅ መሳያ ድንጋይ ቀስ ብለን አስተኛነው፣ በቤንዚን ከዘይት አጸዳን፣ ሁለት ተቀላቃይ ያለውን ኢፖክሲ የሚባል ማጣበቂያ፣ ለብረት የሚሆነውን፣ ከላይ ትንሽ እስኪተርፍ ሞላን። ማሸጊያው ላይ 24 ሰአት ይላል፣ ያ ግን ለሞቃት አገር ነው፣ በኛ ብርድ በሁለተኛው ቀን ገና ማስቲካ ነበር፣ ቱቦውን እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ምድጃው አጠገብ አሳደርነው፣ በማግስቱ ጠነከረ።

ከዛ በ1000 ቀጥሎ በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በዘይት አርሰን ፈገፈግን፣ በቱቦው ዙሪያ እንጂ ወደላይ ወደታች አይደለም፣ ምክንያቱም ቁመቱን የሄደ ጭረት ለዘይቱ ቦይ ነው። ማጣሪያችን ጥጡ ሆነ፣ ጥጥ ሲጎተት የማይዝበት ድረስ። ጎሚኒውንም እንደገና ቀየርን፣ የተቆረጠ ከንፈር አይድንም።

ስንገጥም ደግሞ በመጀመሪያው ዙር ያልሰራነውን አንድ ነገር ሰራን። ፔርኖውን አስገብተን ዳዶውን አጥብቀን፣ እግሩ ላይ ያለውን የፔርኖ ማቀፊያ ብሎን ግን አላልተን፣ ሞተሩን አውርደን የፊት ፍሬን ይዘን አምስት ስድስት ጊዜ ወደታች ጫን ጫን አደረግነው፣ እግሮቹ ራሳቸው ትይዩ ሆነው ቦታቸውን ሲይዙ ነው ማቀፊያውን ያጠበቅነው። እሱ ቀድሞ ከተጠበቀ ሁለቱ እግሮች ተጣመው ይቀሩና ሾኩ ይይዛል፣ ጎሚኒውም በአንድ ጎን ብቻ ያልቃል። ሽፋኑን አልመለስንም።

ለሌላ ሞተር ምን ይወሰዳል

ጎሚኒ ከመግዛት በፊት ቱቦውን በጥጥ መዳሰስ ነው፣ በቀን ብርሃን፣ ሙሉውን፣ በተለይ ሽፋን ስር ያለውን። ሁለት ደቂቃ ነው። አሁን የደወለልኝን ሁሉ መጀመሪያ ይህን ነው የማዘው፣ ግማሹ ተመልሶ አይደውልም።

ሌላው መቼ ነው የሚያፈሰው የሚለው ነው። ሁልጊዜ ከሆነ ጎሚኒው ራሱ ወይ የዘይት ብዛት፣ ትልቅ ጉድባ ሲመታ ብቻ ከሆነ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለ ጉድጓድ፣ ቆሞ ሲያድር ከእግሩ ስር ከሆነ የመዳቡ ራንዴላ። ክር ማሰር ምንም አያስወጣም። አንዱን እግር ብቻ መስራት ግን አልመክርም፣ ሁለቱ ዘይታቸው ካልተመሳሰለ አንዱ ይጠነክራል አንዱ ይለሰልሳል።

ቤት ውስጥ የማይሰራው ምንድነው ከተባለ፣ የተጣመመ ቱቦ ነው። መስታወት ላይ አንከባሎ ስሩ ብርሃን ከታየ በእሳትና በመዶሻ አቃናለሁ የሚልህን ሰው አመስግነህ ተመለስ።

ከዛ በኋላ

ድፍኑ ሰባት ወር ያዘ፣ ዶክ እንደጻፈው 4200 ኪሎሜትር ገደማ። ነሐሴ ላይ ቀኙ እግር ላይ ቀጭን እርጥበት መታየት ጀመረ፣ ጥጥ ስንጎትት ከሶስቱ የአንዷ ጠርዝ ተልጧል። መስከረም ላይ ዶክ አዲስ አበባ ሄዶ ሱማሌ ተራ ሁለት ቀን ዞሮ ያገለገለ ቱቦ አገኘ፣ ኪሱ ውስጥ ጥጥ ይዞ ስለሄደ ሶስቱን አይቶ አራተኛውን ነው የገዛው፣ ሻጩ "ቁስል ልታክም ነው እንዴ?" ብሎታል። አሮጌው ቱቦ አሁንም እኔ ጋ ነው፣ የጠነከረ ዳዶ ሲገጥመኝ ቁልፉ ጫፍ ላይ ሰክቼ ማርዘሚያ አደርገዋለሁ።